አልኮል እዚህ አይጠጣም

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ጥቅምት 9 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለመምህሬ ለአቶ ተክለወልድ
ደብረ ብርሃን

ጋሼ፣

ሰላምታ ከሁለት መስመር እንዳያልፍ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እንደምን ከርመዋል፣ ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ይኸው አለቀ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ ዛሬ ችግር ሲገጥመኝ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ፤ የሰው ነገር እንዲህ ነው።

ያስተማሩት ሰው ብዙ ነውና ረስተውኝ እንደሆነ ላስታውስዎ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከማዘጋጃ ቤት ሥራዎ ወጥተው እኛን ሲያስተምሩ፣ ከፊት ተቀምጣ «አንድ ድምፅ ለምን ሁለት ፊደል ተሰጠው» እያለች ያደረቀችዎ፣ የዶርዜዋ ፋርሶ ጠማቂ አሰፋሽ ነኝ። ዛሬም እጠምቃለሁ። ገብሱ ያው ነው፣ እንስራው ያው ነው፣ ወገቤ ብቻ እንደ ድሮው አይደለም።

ልጄን ገነነን ያውቁታል። ሾፌር ሆኖ ነበር። በ1985 ሙዝ ጭኖ ሲሄድ ምዕራብ ዓባያ ላይ መንገድ የሚሻገር አንድ አባወራ ገጨ። አልሸሸም። ራሱ ተሸክሞ ሐኪም ቤት አደረሰው፤ ሰውየው ሲያርፍ ደግሞ ራሱ ሄዶ እጁን ሰጠ። ፍርዱን ጨርሶ ሐምሌ ላይ ወጣ። መንግሥት «ጨርሰሃል፣ ሂድ» አለው። በእኛ ወግ ግን ገና አልጨረሰም። ደም በመካከል እያለ ቤቴን አይረግጥም፣ ከእጄም አይበላም። ሶዶ ላይ የሰው ጋራዥ ውስጥ ተቀምጧል። ልጄ በሕይወት እያለ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳህኑን ደፍቼ አስቀምጫለሁ።

አሁን እግዚአብሔር ልብ ሰጠና የሟቹ ባለቤት ወለቴ እሺ አለ። ሽማግሌዎቹ ቀን ቆረጡ። ቦታው ዱቡሻ ነው፤ ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ ነገር የሚከፈትበትና ደም የሚደርቅበት ያ ሾላው ያለበት ሜዳ። እርስዎ በዘመንዎ አጥር አሳጥረው መናፈሻ ያደረጉት። ያኔ ሽማግሌዎቹ ዝም ያሉት በሩ ክፍት ስለነበር ነው።

በበሩ ላይ ደግሞ ሰሌዳዎ አለ። «አልኮል እዚህ አይጠጣም» ይላል። አሥራ ስድስት ዓመት ማንም ከቁም ነገር ሳይቆጥረው ኖሯል፤ ዘበኛው ኤርጫፎ እንኳ ፀሐይ ሲጠነክር ጥላው ሥር ይቀመጥ ነበር እንጂ ሌላ አገልግሎት አላየሁበትም። ዘንድሮ ከአዲስ አበባ ተመርቆ የመጣ ልዑልሰገድ የሚባል ልጅ በመናፈሻው ላይ ተሾመ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። «እማማ፣ ግቡ፣ ታረቁ። ፋርሶው ግን አይገባም» አለኝ። ያለ ፋርሶ ደግሞ እርቁ እርቅ አይደለም፤ ገዳይና የሟች ወገን ከአንድ ቅል ካልጠጡ ደሙ አልደረቀም።

ያንን ሰሌዳ ያስተከሉት እርስዎ ነዎት። ሲያስተክሉት እኛን አስበው ነበር? አዎ ወይም አይደለም ብለው ይመልሱልኝ።

ተማሪዎ አሰፋሽ


ደብረ ብርሃን
ኅዳር 2 ቀን 1988 ዓ.ም.

ውድ አሰፋሽ፣

ደብዳቤሽ በደህና ደርሶኛል። እንዴት እረሳሻለሁ? እንደ አንቺ ያከራከረኝ ተማሪ ከዚያ በፊትም ከዚያም ወዲህ አልገጠመኝም። ልማዴ ስለሆነ አትቀየሚኝ፣ የጻፍሽውን በቀይ አርሜ ከዚህ ጋር መልሼዋለሁ። አሥራ አንድ ስህተት አለበት። ከሁሉ የከፋው «ወለቴ እሺ አለ» ያልሽው ነው። ወለቴ ሴት ናትና «አለች» ነው የሚባለው። ይህን ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ።

የገነነ ነገር አሳዝኖኛል። ትምህርት ላይ ሆነሽ እጠረጴዛዬ ሥር ገብቶ ጠመኔ ሲበላ አስታውሳለሁ። እግዚአብሔር ቤቱ ያስገባው።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ሕግ ሲጻፍ እገሌን አስቦ፣ እገሌን ረስቶ አይጻፍም። ለአንዱ ተነቅሎ ለሌላው የሚተከል ሰሌዳ እንጨት ነው እንጂ ሕግ አይደለም። መንግሥት ቢለወጥም መናፈሻ መናፈሻ ነው፤ ሴትና ሕፃን የሚገባበት ቦታ ነው። ልዑልሰገድ የተባለው ልጅ ሥራውን እየሠራ ስለሆነ ልትተባበሩት ይገባል።

መፍትሔ የሌለው ነገር ግን አይደለም። ዶርዜም ሆነ ገረሴ ላይ ሰሌዳ የሌለበት ሜዳ ሞልቷል፤ ለምን እዚያ አይደረግም? ወይም ቦታውን ካልለቀቃችሁ መጠጡን ለውጡ። ዘመኑ የለስላሳ ነው። ዋናው ልብ ነው እንጂ በቅሉ ውስጥ ያለው ምን ቸገረው?

ልጄ ኑኃሚን ሰላም ብላሻለች። ዘንድሮ መምህርት ሆናለች፤ ሕፃን ሳለች ታውቂያታለሽ። እዚህ ብርዱ ጠንክሯል።

ተክለወልድ


አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ኅዳር 20 ቀን 1988 ዓ.ም.

ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ፣ ብርዱ እንዴት አደረገዎ? ሁለት መስመር እንኳ አልሞላም፤ ዛሬ ተናድጃለሁ።

እርማትዎ ደርሶኛል። ወለቴ እሺ አለች። አለች፣ አለች፣ አለች። ሦስት ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ ይብቃዎ። ምላሴ ያደገው በሌላ ቋንቋ ስለሆነ ሲቸኩል ሴቱንና ወንዱን ያጋጫል። በእርስዎ በኩል ግን ከእጅዎ የወጣ አንድም የተሳሳተ ፊደል ሳይኖር፣ በቀይ የሚታረም ነገር ሳይኖርበት፣ ሙሉ ደብዳቤዎ ስህተት ነው።

«ለምን ሌላ ሜዳ አይደረግም» ብለዋል። ነገሩ የተከፈተው እዚህ ሾላ ሥር ነው። ገነነ እጁን በሰጠ ሳምንት የሟቹ ወንድሞች መጥተው «ደማችን አለ» ብለው የተናገሩት እዚያ ነው። የተከፈተበት ቦታ ካልተዘጋ ክፍት ይቀራል። ዱቡሻ እንደ ድንኳን አይነቀልም። እርስዎ አጥር ሳያጥሩበት፣ የእርስዎ ማዘጋጃ ቤት ሳይሠራ፣ አስፋልቱም ሳይመጣ አያቶቻችን እዚያ ተቀምጠዋል። እንግዳው እኛ አይደለንም፣ ሰሌዳው ነው።

«በለስላሳ ታረቁ» ስላሉት ደግሞ ምን ልበል። ይህንኑ ልዑልሰገድም ነግሮኝ ነበር፤ ልጅ ነው ብዬ አለፍኩት። እርስዎ ግን አርባ ምንጭ ሃያ ዓመት ኖረዋል! የሚሪንዳ ጠርሙስ ለአንድ አፍ ነው የተሠራው። የቅል አፍ ለሁለት ሰው ይበቃል። ሁለቱ ጉንጭ ለጉንጭ ይነካካሉ፣ ከንፈራቸውን በአንድ ቅል ጠርዝ ላይ ያደርጋሉ፣ አብረው ይውጣሉ። አንዱ ቢሸሽ ሌላው ላይ ይፈሳል። ፋርሶው ደግሞ እንዲሁ ከሱቅ አልተገዛም፤ ገብሱ ግማሹ ከእኔ ግማሹ ከወለቴ ማጀት መጥቶ በአንድ እንስራ አብሮ የፈላ ነው። ገብሳችን ከታረቀ በኋላ እኛም እንታረቃለን። በብርቱካናማ ስኳር ውሃ ውስጥ የማን ገብስ ከማን ጋር አብሮ ፈላ?

እንደ ወጉ የሚጠጣው ወንድ ከወንድ ነው። ወለቴ ግን «ባሌን የነካውን ልጅ ጉንጩን በጉንጬ ካልነካሁ ይቅርታዬ ከአንገት በላይ ይሆናል» አለች። ልብ ያድርጉ፣ አለች ብያለሁ። የሟች ሚስት ይህን ያህል ስትጨክንልኝ፣ እኔ «ሰሌዳ አለና ሚሪንዳ ጠጪ» ልበላት? አልልም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። በ1972 ያ ሰሌዳ ሲተከል በመናፈሻው የሚሰክር ሕዝብ አልነበረም። ወጣቱ ዘመቻ ነበር፣ ሽማግሌው ቀበሌ ስብሰባ ነበር። ታዲያ ለማን ብለው ተከሉት? እኔ የማውቀውን አውቃለሁ፤ ከእርስዎ መስማት ፈልጌ ነው።

አሰፋሽ


ደብረ ብርሃን
ታኅሣሥ 8 ቀን 1988 ዓ.ም.

ውድ አሰፋሽ፣

ዘግይቼ ስለጻፍኩ ይቅርታ። ጉልበቴ ብርዱን አልቻለውም፣ ስለ ጤናዬም የምጽፈው ደስ የሚል ነገር የለኝም።

ስለ ሰሌዳው ያነሣሽው ጉዳይ የቆየ ነው። በደንቡ መሠረት ተወስኖ፣ በደንቡ መሠረት ተተክሏል። ፋይሉ በ1983ቱ ግርግር ጠፍቶ ከሆነ እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ የማደርገው የለም። ስለዚህ ጉዳይ ከእንግዲህ ባትጠይቂኝ ደስ ይለኛል።

ምን እንደምታውቂ ግን አልገባኝም።

ደብዳቤሽን አላረምኩትም፤ ጊዜ አልነበረኝም።

ተክለወልድ


አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ጥር 5 ቀን 1988 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ለጉልበትዎ የበግ ስብ በትኩሱ ይቀቡት። እኔ በጤና አለሁ፣ በንዴትም አለሁ።

አትጠይቂኝ ብለውኝ ነበር። እኔም ላልጠይቅዎ ወስኜ ነበር። ከገና በፊት ያለው ቅዳሜ የሆነውን ግን ልንገርዎና ከዚያ ይፍረዱ።

ፈቃድ ሳንጠብቅ ሄድን። ሽማግሌዎቹ የእርቅ ሣራቸውን ይዘው ገቡ። ወለቴ ከምዕራብ ዓባያ በእግሯ መጣች፤ መኪና ከዚያ ቀን ወዲህ አትሳፈርም። ገነነ ከሶዶ መጥቶ ከአጥሩ ውጪ፣ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ነበር፤ ሳይጠሩት አይገባም። እኔ እንስራዬን አዝዬ በር ላይ ስደርስ ኤርጫፎ እጆቹን ዘርግቶ ቆመ። ሃያ ዓመት የማውቀው ሰው፣ የእኔን ፋርሶ ጠጥቶ ልጆቹን የዳረ ሰው፣ ዓይኔን ማየት አቃተው። «አሰፋሽ፣ እንጀራዬ ነው» አለኝ። ምን ልበለው? እንስራው ከውጭ፣ ሰው ከውስጥ ሆኖ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተቀመጥን። ወለቴ ተነሥታ በመጣችበት ተመለሰች። ገነነን አልፋው ስትሄድ ራሱን ደፍቶ ነበር። እኔ ወደ እሱ መሻገር አልችልም፣ እሱም ወደ እኔ። መንገዱ ከአሥር እርምጃ አይበልጥም።

ወለቴ ስትሄድ «ጾም ሳይገባ አንድ ጊዜ እመለሳለሁ። ከዚያ ወዲያ እግሬም ልቤም እንጃ» ብላኛለች። የሟቹ ወንድሞች ደግሞ ከመጀመሪያውም ቅር እያላቸው ነው። ይህ ካለፈ ልጄ ሶዶ ላይ ያረጃል።

በነጋታው ልዑልሰገድን ሰሌዳው ሥር አገኘሁትና ተከራከርኩት።

«ልጄ፣ ምን ይላል?» አልኩት።

«አልኮል እዚህ አይጠጣም።»

«ጠ የምትለዋን ፊደል ጠበቅ አደረግሃት። እስኪ ላላ አድርገህ አንብባት።»

እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። «ይበላል ሲላላ በላተኛው ነው፣ ሲጠብቅ የሚበላው ምግብ ነው፤ ፊደሉ አንድ፣ ሰውየው ሌላ» እያሉ። ልጁ አላልቶ አነበበና ሳቁ አመለጠው።

«አየህ? አልኮል እዚህ አይጠጣም። እውነት ነው፣ አይጠጣም፤ አፍ የለው፣ ጉሮሮ የለው። ጠጪዎቹ እኛ ነን። ስለ እኛ ምንም አልተጻፈም» አልኩት።

«እማማ፣ ጠበቃ መሆን ነበረብዎ» አለኝ። ከዚያ ሳቁን ትቶ እንዲህ አለ፦ «እኔም ሰው ነኝ። ፋይሉን ፈልጌ አጣሁት። ያስጻፈው ሰው በሕይወት ካለ፣ ምን ለማለት እንደፈለገ ይጻፍልኝ፤ ያኔ የምይዘው ነገር ይኖረኛል።»

ስለዚህ ጋሼ፣ የመጣሁት ወደ እርስዎ ነው። የምለምንዎ አይደለም፤ ልመና ሰልችቶኛል። ፊደል ሲያስቆጥሩኝ «የጻፈ ሰው ለጻፈው ይጠየቃል» ብለውኛል። ይኸው ተጠይቀዋል።

አሰፋሽ


ደብረ ብርሃን
ጥር 16 ቀን 1988 ዓ.ም.

አሰፋሽ፣

በፖስታው ውስጥ ሁለት ወረቀት አለ። አንደኛው ለማዘጋጃ ቤቱ የጻፍኩት ምስክርነት ነው። ሰሌዳው በማንም ጉባኤ ያልተወሰነ መሆኑን፣ ያስጻፍኩት እኔ ራሴ በግሌ መሆኑን፣ የሽማግሌዎችን ሸንጎ ከቶ እንዳላሰብኩበት ይናገራል። ፈርሜበታለሁ።

ይህ ሁለተኛው ለአንቺ ነው።

በደንቡ መሠረት ተወሰነ ያልኩሽ ውሸት ነው። ኮሚቴ አልተሰበሰበም። በዚያን ዘመን እጠጣ እንደነበር አንድም ተማሪዬ እንዳያውቅ ብዙ ተጠንቅቄያለሁ። ሚንት እያላመጥኩ ነበር የማስተምራችሁ። ካንቺ ቤት አንድም ቀን ያልገዛሁት ስለምንቅሽ አልነበረም፤ በተማሪዬ ፊት ማፈር ስላልፈለግኩ ነው።

በ1972 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ፣ እናቷ አዲስ አበባ ታክማ ሳትመለስ፣ ኑኃሚንን ይዤ ወደ መናፈሻው ሄድኩ። አምስት ዓመቷ ነበር። እሷ ትጫወታለች፣ እኔ ሾላው ሥር ተቀመጥኩ። አረቄው በኮት ኪሴ ነበር። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ስነቃ ነው። ኮቴን አንጥፌ ተኝቻለሁ፣ ልጄ የለችም። ከአጥሩ ግርጌ ያለውን ገደል ታውቂዋለሽ። ወርጄ፣ ወጥቼ፣ ስሟን እየጠራሁ ዕብድ ሆንኩ። ቤት ስደርስ ኤርጫፎ በር ላይ አዝሏት ቆሟል። «ሜዳው ላይ ስትጫወት አገኘኋት» ብሎ አስረከበኝና አንድ ቃል ሳይጨምር ሄደ። እግሯ ተቧጭሮ ስለነበር ከሜዳው እንዳላገኛት አውቄአለሁ። አልጠየቅኩትም። የት እንደነበረች ለማወቅ እስከ ዛሬ አልደፈርኩም።

በማግስቱ ሰሌዳ ጻፊው ዘንድ ሄድኩ። «እዚህ አይጠጣም ብለህ ጻፍልኝ» አልኩት። ሰውየው «ምኑ?» አለኝ። ውሃም አይጠጣም ሊመስል ነው ብሎ «አልኮል» የሚለውን እሱ ጨመረው። እኔ ያዘዝኩት ሁለት ቃል ነበር። ስሜን ጠርቼ «ተክለወልድ» ብዬ ማስጻፍ አፈርኩ። በየቀኑ በዚያ በር ሳልፍ፣ «ማን ነው የማይጠጣው?» ስባል መልሱን የማውቀው እኔ ብቻ እንድሆን ነበር። አሰፋሽ፣ ላልቶ እንዲነበብ ነው የጻፍኩት። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ አላልተሽ ያነበብሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አልቀመስኩም። በሠርግም፣ በጠበልም፣ እናቷ በሞተች ጊዜም። ለራሴ የፈተልኩት ገመድ የእናንተን በር እንደሚያስር ግን አላሰብኩም። የመጀመሪያ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ወዲያው አውቄዋለሁ፤ ሕግ ሕግ እያልኩ የጻፍኩልሽ ለመደበቅ ነው። በዚህም ምክንያት ወለቴ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ መመለሷን ሳነብ አፈርኩ።

አንደኛው ወረቀት አልበቃ ካለ ይህንንም አሳዪ። በሸንጎ ፊት አንብቢው። ኑኃሚንም ልትሰማው ትችላለች። ያንቺ ልጅ ቤቱ ይግባ እንጂ የእኔ ስም የትም አይደርስም።

ተክለወልድ


አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
የካቲት 6 ቀን 1988 ዓ.ም.

ጋሼ፣

እንደምን አሉ? እኛ ደህና ነን። እኛ ያልኩት ተሳስቼ አይደለም።

በቅድሚያ ሁለተኛውን ወረቀት ከእኔ በቀር ማንም አላየውም። በእሳት አቃጥዬ ስጨርስ አመዱን ራሴ ደፍቼዋለሁ። አንደኛውን ለልዑልሰገድ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ገልብጦ ጀርባውን አየና «እማማ፣ ማኅተም የለውም» አለኝ። የጡረተኛ ፊርማ ያለ ማኅተም ወረቀት ብቻ ነው አለ። ለበላዮቹ አቅርቦ መልስ የሚመጣው ሚያዝያ ላይ ነው፤ ጾም የሚገባው ደግሞ በሳምንቱ። ልጁ አፍሮ ነበር፣ አላስጨነቅኩትም። «እንግዲህ እኔ ቅዳሜ እገባለሁ። አንተም ሥራህን ሥራ» ብዬው ወጣሁ።

የካቲት 2 ቅዳሜ እንስራውን አዝዬ በሩ ላይ ቆምኩና ሰሌዳዎን ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ አላልቼ። ከዚያ ገባሁ። ኤርጫፎ አልከለከለኝም። ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከቶ ነበር፤ ትንፋሽ ግን አላወጣበትም። ገነነን ጠሩት። ወለቴ ተነሣች። ሁለቱም በቅሉ ጠርዝ ላይ ሲገናኙ ገነነ አለቀሰ፣ ፋርሶው በአገጫቸው ወረደ። አንዳቸውም ግን አልሸሹም። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ያየነው ሰዎች ይዘነዋል። ቅሉ ዞረ፣ እኔም ጠጣሁ። ኤርጫፎ ፊሽካውን የነፋው ቅሉ ከተደፋ በኋላ ነው። አነፋፉን ቢሰሙ፣ እንደ ሠርግ ነበር።

ፖሊስ ጣቢያ የወሰዱኝ እኔን ብቻ ነው፤ «እንስራው የማን ነው?» ሲሉ «የእኔ» ስላልኩ። አንድ ቀን ዋልኩ። ጣቴን ቀለም ሊያስነኩ ሲሉ «እስክሪብቶ ስጡኝ» አልኩ። ወረቀቱን ሳነበው ምን ይላል መሰለዎ? «ተከሳሽ አሰፋሽ በመናፈሻው ውስጥ አልኮል መጠጣቱን አምኗል።» ቃሌን የተቀበለውን ፖሊስ «ወንድሜ፣ እኔ ሴት ነኝ፤ በዚህ አልፈርምም» አልኩት። ቀይ እስክሪብቶ ለምኜ «መጠጣቷን አምናለች» ብዬ አረምኩለትና ሙሉ ስሜን ፈረምኩ። ሳቀ። ሁለተኛ እንዳልጠጣ ሊያስፈርመኝ ሌላ ወረቀት አመጣ፤ ያኛው ስህተት የለውም፣ ግን አልፈረምኩም። ሌላ ልጅ ያላት፣ ሌላ ደም ያለባት እናት ነገ ብትመጣስ? ሳይመሽ ለቀቁኝ። ጉዳዩ ይቀጥላል ብለዋል። ይቀጥል።

አሁን ኑኃሚንን ላንሣ። የት እንደነበረች ለማወቅ አልደፈርኩም ብለዋል። ከአጥሩ በታች፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለው የግራር ሥር ቁጭ ብላ ጠጠር ትቆጥር ነበር። ያገኘኋት እኔ ነኝ። ጌሾ ልቆርጥ ወርጄ ነው። እሾህ ቧጭሯት ነበር እንጂ ደህና ነበረች፤ እስከ ሃያ ቆጥራልኛለች። እርስዎ ሾላው ሥር ተኝተው አይቻለሁ። በተማሪዬ ፊት አፈርኩ እንዳይሉ፣ ልጅቷን ለኤርጫፎ ሰጠሁትና «ሜዳው ላይ አገኘኋት በል» አልኩት። ከጥቂት ቀን በኋላ ሰሌዳው ሲተከል ሁለታችንም ለማን እንደሆነ ገባን። የማውቀውን አውቃለሁ ያልኩዎ ይህንን ነው። በቀይ ሲያርሙኝ እየተናደድኩ እንኳ አፌን የያዝኩት፣ እርስዎ ራስዎ እስኪናገሩት ነበር።

ይህን ስጽፍ ገነነ በጎኔ ተቀምጦ ቆጮ በዳጣ ይበላል። ሳህኑን ከተደፋበት አነሣሁለት። ዳጣው በዝቷል እያለ ይነጫነጫል፤ ይነጫነጭ።

አንድ ነገር ለመጨረሻ አስቀርቼ ነበር። ቅሉ ከመደፋቱ በፊት ትልቁ ሽማግሌ አንድ ጉንጭ አስቀሩና ተነሡ። «ይህን ሰሌዳ የተከለው ሰው ከእኛ ጋር ሳይታረቅ ነው አገሩ የገባው። ድርሻው ይኸው። ማን ይጠጣለት? ወይስ ይላክለት?» አሉ። ኤርጫፎ አየኝ፣ እኔም አየሁት። አርባ ሰው ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፤ ተማሪው መሆኔን ያውቃሉ። ገመዱን የፈተሉት ለማን እንደነበር ብናገር ሁሉም ነገር ግልጽ ይሆን ነበር። ከሁለታችን በቀር ማንም የማያውቀውን ግን ለምን ላውጣ?

ተነሥቼ «እሱ አይጠጣም» አልኩ።

ሽማግሌው ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ድርሻዎን ከሾላው ሥር አፈሰሱትና ከእግራቸው ሥር እርጥብ ሣር ነጭተው ሰጡኝ። በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ፤ ደብረ ብርሃን እስኪደርስ ደርቆ ይሆናል።

በሰው ፊት አንቱታውን ስለረሳሁ ይቅር ይበሉኝ። ጠ ግን ላልታ ነው የምትነበበው። እሷን አያርሙብኝ።

አሰፋሽ